ክርስቲያን መንግሥት? የማን ክርስትና?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። «ሰላም ጋሼ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። አዲሱ አለቃችን የሰኞ ጠዋት ስብሰባን በጸሎት ማስጀመር ጀምሯል። አንዳንዱ ደስ ብሎታል፣ አንዳንዱ አኩርፏል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ካላቸው ወገን ነበርኩ። ሰሞኑን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አንድ አሜሪካዊ ፓስተር ‹መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚል ቃል ሕገ መንግሥታችን ውስጥ የለም፣ አገራችን የክርስቲያን አገር ናት› ሲል ሰማሁ። እኛ ከእነሱ በፊት ክርስቲያን አልነበርንም ወይ? ክርስቲያን መንግሥት ቢኖረን ችግሩ ምንድን ነው? የሰኞው ጸሎትስ ሕጋዊ ነው?»

ወንድሜ፣ ያመጣኸው ሁለት ጥያቄ ነው። የሰኞውን መጨረሻ ላይ እመልስልሃለሁ፤ እሱ ቀለል ይላል። ትልቁ ግን ረጋ ብሎ መነጋገር ይፈልጋል። ለረጅም ዓመታት ሕገ መንግሥት አስተምሬያለሁ፤ አሁን በጥብቅና ነው የምኖረው፣ ቢሮዬም አራት ኪሎ ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ነው የማልፈው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ወደ ታች ስታነብ «ሰውዬው እምነት ስለሌለው ነው» እንዳትለኝ ነው።

ከፓስተሩ እንጀምር። ቃል በቃል ከወሰድከው ያለው ነገር እውነት ነው። «መለያየት» የሚል ቃል በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ የለም። ያለው እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የመጀመሪያው ማሻሻያ ነው፤ ምክር ቤቱ ሃይማኖትን መንግሥታዊ የሚያደርግ ሕግ አያወጣም፣ ሰውም እምነቱን እንዳይከተል አይከለክልም ይላል። ዋናው ሰነድ ራሱ አንቀጽ 6 ላይ ለሥልጣን የሃይማኖት መመዘኛ እንዳይጠየቅ ደንግጓል። «የመለያየት ግንብ» የሚለው አነጋገር የመጣው ግን ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በ1802 ከጻፈው አንድ ደብዳቤ ነው። ፓስተሩ እዚህ ጋ ያቆማል። ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ አይነግርህም።

የተጻፈው ኮኔቲከት ውስጥ ለነበሩ የዳንበሪ ባፕቲስቶች፣ ለአንድ የፕሮቴስታንት ወገን ነው። በዚያ ግዛት እስከ 1818 ድረስ መንግሥታዊው ቤተ ክርስቲያን የኮንግሪጌሽናሎቹ፣ የሌላ ፕሮቴስታንት ወገን፣ ነበር። ባፕቲስት የሆነ ሰው ለዚያ ቤተ ክርስቲያን ከሚከፈለው ግብር ነፃ ለመሆን «እኔ ሌላ ቦታ ነው የማመልከው» የሚል ማስረጃ ማስገባት ነበረበት። ልብ በል፣ ከሳሹም ተከሳሹም ክርስቲያን ነው። ግንቡን የለመኑት ከክርስቲያን መንግሥት እጅ መዳን የፈለጉ ክርስቲያኖች ናቸው። ያንተ ፓስተር ምናልባት ባፕቲስት ከሆነ፣ አባቶቹ ለምነው ያገኙትን ግንብ ነው እያፈረሰ ያለው።

ከእነሱም በፊት ሮጀር ዊሊያምስ የሚባል ሰባኪ ነበር። የማሳቹሴትስ ሰዎች በአመለካከቱ አባረሩትና በ1636 ፕሮቪደንስ የምትባለውን ከተማ መሠረተ። ቤተ ክርስቲያንን በአትክልት ቦታ፣ ዓለምን በዱር መስሎ በመካከላቸው አጥር እንደሚያስፈልግ የጻፈው እሱ ነው። ዛሬ የምንሰማው አብዛኛው ክርክር ዱሩን ከአትክልቱ ስለመጠበቅ ነው። ሰውዬው ግን የፈራው አትክልቱ ዱር እንዳይሆንበት ነበር።

የክርስቲያን ብሔርተኝነት የሚባለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። አንድ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም፣ ይግባ። አስተሳሰቡ የሚለው አገሩ ራሱ፣ ማንነቱና ሕጉ፣ የክርስቲያኖች ንብረት ነው፤ ሌላው እንግዳ ነው፣ ጨዋ እንግዳ ከሆነ ይቀመጥ ነው። ችግሩን ሁሌ ከእንግዳው አንጻር እናየዋለን፤ እሱም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከባለቤቱ አንጻር ላሳይህ ነው የፈለግኩት።

ለእኛ የፓስተሩ ክርክር ከነጭራሹ አይሠራም። የእኛ ሕገ መንግሥት ቃሉን ጽፎታል። አንቀጽ 11፦ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም።» አጭር ናት፤ ታክሲ ውስጥ ቆመህ ታነባታለህ።

«ይሁን እንጂ እኛ የክርስቲያን ደሴት ነን» ትለኝ ይሆናል። ይህ አባባል ከየት እንደገነነ ታውቃለህ? ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ አሥራ አራት መቶ ዓመት በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት ናት አሉ። ጊዜው አፍሪካን የሚቀራመቱበት ነበር። ንጉሡ ለክርስቲያን ነገሥታት «እኔም እንደናንተ ነኝ፣ ስትካፈሉ ዝም ብዬ አላይም» ማለታቸው ነው። ግሩም ዲፕሎማሲ ነው፣ ኮፍያዬን አነሳለሁ። ግን ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ዕቃ ነበር። እኛ መልሰን ከውጭ እንደመጣ ዕቃ ለራሳችን ገዛነው። በዚያው ዓመት በራሳቸው ግዛት ውስጥ ስንት ሙስሊም፣ ስንት የዋቄፈታ ተከታይ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ገደማ ነበር። ደሴቷን እዚህ ቁጥር ውስጥ ፈልጋት እንግዲህ።

አሁን ወደ ርዕሱ እንምጣ። ክርስቲያን መንግሥት ስትል የማን ክርስትና? ይህን ስጠይቅ ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። «የኛ ነዋ» ይላሉ። ከዚያ ዞር ብለው ይተያያሉ። ኦርቶዶክሱ ጴንጤውን፣ ጴንጤው ካቶሊኩን።

ታሪካችን ይህን ጥያቄ በደም ነው የመለሰው። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኑና መንግሥታቸውን ካቶሊክ አደረጉ። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ነደደ፤ በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። እዚያ ጦርነት ላይ ያለቁት ከሁለቱም ወገን ክርስቲያኖች ናቸው።

ቦሩ ሜዳን ደግሞ አስብ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠሩ። ከሁሉ በፊት የተነሳው የክርስቲያኖች ጉዳይ ነው፤ ክርስቶስ ሁለት ልደት ነው ያለው ወይስ ሦስት ልደት የሚለው ክርክር። የሦስት ልደቱ ወገን ተረታ ተባለ። ዳኛው ንጉሥ ሲሆን ደግሞ መረታት ማለት የትምህርት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዚያ ተራው የወሎ ሙስሊሞች ሆነ፤ ክርስትና ተነሡ ተባሉ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ዮሐንስ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። የእኚህ ሰው ልጅ ማን ነው? ልጅ ኢያሱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ እዚሁ ከቢሮዬ ቁልቁል ባለው ታላቁ ቤተ መንግሥት መኳንንቱ ተሰብስበው ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱት። ክሱ ምን ነበር? ሰልሟል። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቷቸው። እንግዲህ ጉዱን እይ፤ አባቱን አንድ ንጉሥ በግድ አስጠመቀ፣ ልጁን ሌሎች መኳንንት «እስላም ነህ» ብለው ገለበጡት። መኳንንቱ በኢያሱ ላይ ብዙ የፖለቲካ ቅሬታ ነበራቸው፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖችም (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶችም) የራሳቸው ፍላጎት ነበራቸው። ነገር ግን ሃይማኖት የሥልጣን መታወቂያ በሆነበት አገር ሌላውን ቅሬታ ማስረዳት አያስፈልግህም። አንድ ቃል ይበቃሃል። አንድ ወር ብቻ ቆይቶ፣ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ በተደረገው ጦርነት ስንት ሺህ ሰው አለቀ።

«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለውን የጃንሆይን አባባል ሁላችንም እንወደዋለን። እኔም እወደዋለሁ። ግን የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 አንብበው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በመንግሥት ትደገፋለች፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሁልጊዜ የዚህ እምነት ተከታይ መሆን አለበት ይላል። የአገሩ አንደኛ ሰው ሃይማኖት የግል አልነበረም ማለት ነው። «ይሄ እኮ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ነው» ትላለህ። እሺ፣ ገጹን ገልብጥና 127ን አንብብ። የጳጳሳቱ ሹመት በንጉሠ ነገሥቱ መጽደቅ አለበት፤ ጳጳሳቱም ለንጉሠ ነገሥቱ የታማኝነት መሐላ ይምላሉ። ሒሳቡ ይኸው ነው። 126 ስጦታው ነው፣ 127 ደረሰኙ።

ደረሰኙ ደግሞ ከስጦታው የበለጠ ዕድሜ አለው። ንጉሡ በ1967 ወረዱ። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠሩን መሬት ሲወርስ የቤተ ክርስቲያኗ መሬት አብሮ ሄደ፤ ስጦታው አለቀ። ጳጳስ የመሾሙ ነገር ግን ቤተ መንግሥት ቀረ። አቡነ ቴዎፍሎስ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከዚሁ ከተማ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አስከሬናቸው ገና ሳይገኝ የወጣው የ1980ው የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይል ነበር። ስለዚህ ቃሉ መጻፉ ብቻ ግንብ አይሆንም፤ ይህን እኔም አልክድም። ግንቡ የሚቆመው ቤተ መንግሥቱ የለመደውን እጅ ሲሰበስብ ነው፤ እኛ ጋ ያንን እጅ ያስለመደው ደግሞ የመንግሥት ሃይማኖት ዘመን ነው።

እኛስ አገር መለያየቱን ማን ጠየቀ? ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ፣ ኮሚኒስቶች ያመጡት ይመስለዋል። ደርግ ከመምጣቱ በፊት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ። መቶ ሺህ ሰው ነበር ይባላል። ከጥያቄዎቻቸው መካከል የሃይማኖት እኩልነት፣ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት፣ በዓሎቻቸው በሕግ እንዲከበሩ የሚሉ ነበሩ። አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ተማሪዎች፣ ምሁራን። የዳንበሪ ባፕቲስቶች የእኛ አገር መልክ እነዚህ ናቸው። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የኢድ ቀን ከሥራ ቀርተህ ስትተኛ አስታውሳቸው።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወግ ልጨምርልህ፤ ካልጣመህ እለፈው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በስሟ የሕግ ሰውነት ሰጥቷታል፣ ቁጥር 398 ላይ። ሌሎቹስ? ቁጥር 407 ስለእነሱ በልዩ ሕግ ይወሰናል አለ። ልዩ ሕጉን ጠብቅ እንግዲህ። ሌሎቹ እንደ ማኅበር መመዝገብ ነበረባቸው፣ ፈቃድ ማሳደስ፣ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኙት በ2012 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት! የመንግሥት ሃይማኖት ከወደቀ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ አድልዎ ጩኸት የለውም፣ ፋይል ውስጥ ነው የሚተኛው።

«እንግሊዝስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ የቤተ ክርስቲያናቸው የበላይ ነው፣ 26 ጳጳሳትም በላይኛው ምክር ቤት ይቀመጣሉ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1927 ያቺው ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፏን ለማሻሻል ፈለገች። ፈቃዱ ከፓርላማ ነበርና ሄዱ። ፓርላማው ጣለው። አስተካክለው በ1928 መለሱት፤ አሁንም ጣለው። ድምፅ ከሰጡት አባላት ውስጥ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ምዕመን እንኳ ያልሆኑ ነበሩ። እስቲ የአራት ኪሎው ፓርላማ ስለ ቅዳሴ እጅ ሲያወጣ አስበው። ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እኮ ከፓርላማው አጠገብ ነው፤ ርቀቱ አጭር ነው።

ሌላው ዛምቢያ ነው፤ ይሄን በአጭሩ ልለፈው። ፕሬዚዳንቱ ፍሬድሪክ ቺሉባ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 አገሩን የክርስቲያን አገር ብሎ አወጀ፣ በ1996 ሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ ተጻፈ። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ2007 የለንደን ፍርድ ቤት የሕዝብ ገንዘብ መዝረፉን ወሰነበት። አገሩ ላይ በወንጀል ተከስሶ ነፃ ወጥቷል፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ለማንኛውም አዋጁ ካዝናውን አልጠበቀም።

አሁን አንቀጽ 11ን መልሰህ እያት። ንዑስ አንቀጽ 3 ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ ግን እንደ ሁኔታው ግማሹን ነው የምንጠቅሰው። መጅሊሱን መንግሥት እየመራው ነው፣ ምርጫችን ይከበር ብለው በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሞች አወሊያና አንዋር መስጊድ ሲሰበሰቡ የጠቀሱት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነው። መንግሥት የመለሰላቸው በሁለተኛው ነው፤ ሃይማኖትን ለፖለቲካ አዋላችሁ ብሎ። መሪዎቻቸው ታስረው በ2007 በፀረ ሽብር ሕጉ ተፈረደባቸው። ያኔ ስንቶቻችን ክርስቲያኖች ዝም አልን? እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ አስተማርኩት እንጂ ከክፍል ውጭ አልተናገርኩም። ጥር 2015 የጳጳሳት ሹመት ጉዳይ ሲፈነዳና ሲኖዶሱ መንግሥት ጣልቃ ገባብኝ ሲል፣ ጥቁር ለብሰን ጾምን። ያን ሰሞን ያቺን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ሰው በቃሉ አወቃት። አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሙስሊም ናት፣ «አሁን ገባችሁ?» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ፤ ሳቅኩ።

መለያየት ሲባል ግን አማኝ አፉን ይዝጋ ማለት አይደለም። ካህን ስለ ሙስና ይስበክ፣ ኢማም ስለ ኑሮ ውድነት ይናገር፣ ፓስተር ጦርነት ይብቃ ይበል። አንቀጽ 27 የሰጣቸው መብት ነው። ጥምቀት ጃንሜዳ ይውጣ፣ ደመራው መስቀል አደባባይ ይንደድ፣ የኢድ ሰላት ስታዲየም ዙሪያ ይሰገድ፤ ፖሊስም መንገድ ይዝጋ። «ታዲያ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ለምን አለ?» ለሚለው፣ አንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ ብቻ ነው ይላል። አንዱ እምቢ ካለ ወደ መደበኛው ነው። ነገሩ የሚበላሸው ማኅተም የያዘ እጅ ሲያስመልክህ ነው።

ይኸው ወደ ሰኞህ ደረስን።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ነበርኩ። እዚያም አለቃው የሰኞ ስብሰባን በጸሎት ማስጀመር ጀመረ። መጀመሪያ ሳምንት አቡነ ዘበሰማያት ተደረሰ፤ ሁላችንም አልን። በሁለተኛው አንድ ባልደረባ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብላ ቀጠለች፤ ጴንጤዎቹ ጸጥ አሉ። በሦስተኛው ከእነሱ አንዱ ተነሥቶ በራሱ መንገድ ረዘም አድርጎ ጸለየ፤ ኦርቶዶክሶቹ ስልካችንን አየን። በአራተኛው የጸሎት ተረኛ ዝርዝር ተለጠፈ። በስድስተኛው ዝርዝሩ ላይ ጠብ ተነሣ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ በሕግ በኩል አይተህ መልሰው ተብሎ። ሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሙስሊም ሠራተኛ አራት ሰኞ በተከታታይ አርፍዳለች። አሥር አሥር ደቂቃ። ጠርቼ ጠየቅኳት። «ጸሎቱ እስኪያልቅ ደረጃው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለችኝ። እኔ ያን ሁሉ ሰኞ ውስጥ ነበርኩ። ወንበሯ ባዶ መሆኑን አላየሁም።

ሕጉ ይህን ይላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 11 አለቃህን ይመለከተዋል። በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ስብሰባ፣ አለቃ የሚመራው ጸሎት የመንግሥት ጸሎት ነው። «ያልፈለገ ይውጣ» አያድነውም፤ የዓመት ግምገማህን የሚሞላ ሰው ፊት ተነሥቶ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አንቀጽ 27 ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ይከለክላል፣ አንቀጽ 25 በሃይማኖት ልዩነት እንዳይደረግ። የግል ድርጅት ቢሆን አንቀጽ 11 በቀጥታ አይሠራም፤ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሃይማኖት ምክንያት ማዳላትንም ማሰናበትንም ይከለክላል። በራስህ ጊዜ ከጓደኞችህ ጋር ብትጸልይ ማንም አይከለክልህም። እኛ ጋ መጨረሻ ላይ እንዲያ ነው የሆነው፤ ስብሰባው ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፣ መጸለይ የፈለጉ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መዝገብ ክፍል ይገናኙ ጀመር። ከአርባው ሰው የሚመጣው አምስት ስድስት ነው። እነሱ ግን እስከ ለቀቅኩበት ጊዜ ድረስ አላቋረጡም።

አንተ ምን ታድርግ? ክርስቲያን በመሆንህ ከሌሎቹ ይልቅ አንተ ብትናገር ይቀላል፤ «እምነታችንን ጠልቶ ነው» አይሉህም። መጀመሪያ አለቃህን ለብቻው፣ በአክብሮት አነጋግረው፤ ብዙው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ካልሰማ ለሰው ሀብት አስተዳደር በጽሑፍ አቅርብ። ከዚያ በኋላ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና እንባ ጠባቂ ተቋም አሉ፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ካስፈለገ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል፤ ግን ለሰኞ ጸሎት እዚያ ድረስ ትሄዳለህ ብዬ አላስብም። ደብዳቤውን ስታስገባ አንድ ቅጂ ይዘህ ሂድና መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም አስደርግበት። እሱን ሳትይዝ እንዳትመለስ።